የድሮው ቀይ ሳጥን በላፕቶፕ ውስጥ፦ የኮምፕሬሰር ምኑ ይቀዳል?

ጥምቀት አልፎ የሠርግ ወቅት ሲገባ፣ ጎንደር ውስጥ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በአንዱ የጥር ቅዳሜ አዘዞ አካባቢ ሠርግ ላይ ጊታር እጫወት ነበር። አጠገቤ ክራር የሚጫወት ጓደኛዬ ተቀምጧል። ፔዳል የሚባል፣ በእግር እየተረገጠ ድምፅ የሚቀይር ሳጥን አልያዝንም። ያለን አንድ ላፕቶፕና አንድ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ነው። የእኔ ጊታርም የእሱ ክራርም በላፕቶፑ አልፈው ወደ ሚክሰር ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ ሞንታርቦው።

ስክሪኑ ላይ የቀይ ሳጥን ሥዕል አለ። ሁለት ማዞሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የጊታር ኮምፕሬሰር (የጮኸውን ድምፅ ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ) የሶፍትዌር ቅጂ ነው። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስንሞክረው ክራሩ ማር ማር ብሎ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ግን ሌላ ሆነ። ጓደኛዬ በኃይል ገርፎ ወዲያው በጣቱ ለስለስ ያለ ዜማ ሲያወጣ፣ ለስላሳው አይሰማም። እጁን ሲያሳርፍ ደግሞ ባሰ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ዝም ብለን እየጠበቅን ሞንታርቦው ቀስ በቀስ ማፏጨት ጀመረ። ማንም ምንም አልነካም። ሚክሰሩን የያዘው ልጅ ሮጦ ዘጋው። ኮምፕሬሰሩን አጥፍተን ሌሊቱን ያለ እሱ ጨረስን።

ይሄን የምጽፈው በዚያ ፉጨት ምክንያት ነው። ስለነዚህ የሶፍትዌር ቅጂዎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «ከኦሪጅናሉ ጋር ይመሳሰላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ጎዶሎ ነው። የዲስቶርሽን (ድምፅን የሚያሻክር ዕቃ) ቅጂ ቢሆን አንድ ጊዜ መትቶ የድምፁን ቀለም ሰምቶ መፍረድ ይቻላል። ኮምፕሬሰር ግን የሚያስታውስ ዕቃ ነው። አሁን የሚያደርገው ከአንድ ሰከንድ በፊት በተመታው ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቅጂው ያስታውሳል ወይ የሚለው ነው። ለእኛ፣ ክራርና ጊታር አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ለምንከተው ሰዎች፣ ይሄ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል።

እጁ ማንሻው ላይ ያለ ሰው

ማታ ሕፃን ተኝቶ ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው አስቡ። እጁ ከድምፅ ማንሻው አይለይም። ሙዚቃው ሲጮኽ ይቀንሳል። ዜና አንባቢው ዝቅ ሲል ይጨምራል። ኮምፕሬሰር ያ እጅ ነው፤ በጣም የፈጠነ እጅ። ድምፁ ሲጮኽ በሰከንድ ሺኛዎች ውስጥ ይቀንሳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይለቃል። የመያዣውን ፍጥነት ሙዚቀኞች አታክ ይሉታል፣ የመልቀቂያውን ሪሊዝ።

ጊታር ላይ ጥቅሙ ሁለት ነው። ጎልቶና ደክሞ የሚወጣውን ያስተካክላል፤ ድምፅንም ያረዝማል። ክር ሲመታ መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቶሎ ይወድቃል። እጁ የወደቀውን ሲያነሳው፣ ክሩ ብዙ የሚጮኽ ይመስላል።

ኮምፕሬሰር መጀመሪያ የስቱዲዮና የሬዲዮ ጣቢያ ዕቃ ነበር። ትልቅ፣ ከባድና ውድ። ወደ ጊታሪስቱ እግር ሥር ያወረዱት የ1970ዎቹ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። ኪት ባርና ቴሪ ሸርውድ እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ኤምኤክስአር የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ ዳይና ኮምፕ ነው፤ ያ ቀይ ሳጥን። አንዱ ማዞሪያ ምን ያህል እንደሚጨምቅ ይወስናል፣ ሌላው የሚወጣውን ድምፅ መጠን። በቃ። የናሽቪል የካንትሪ ጊታሪስቶች ወደዱት። ሮስ የሚባለው ግራጫ ሳጥን በዚያው አጥንት ላይ ጥቂት ለውጥ አድርጎ መጣ። የዳን አርምስትሮንግ ኦሬንጅ ስኩዊዘር ደግሞ ማዞሪያ ጭራሽ የለውም፤ በቀጥታ ጊታሩ ጃክ ላይ ይሰካል። ከጃፓን ቦስ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲኤስ-2ን፣ በ1986 ሲኤስ-3ን አወጣ። የኤምኤክስአር ስም በ1987 ደንሎፕ ለሚባለው ኩባንያ ተላልፎ ቀዩ ሳጥን እስካሁን ይሠራል።

ታዲያ አሁንም የሚሠራ ከሆነ ለምን አንገዛውም? አዲሱ መቶ ዶላር ገደማ ነው። የ1970ዎቹ ራሱ ደግሞ ለሰብሳቢዎች ስለሚሸጥ በብዙ ይበልጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ላይ ቀረጥ አለ፣ ከውጭ የሚያመጣ ሰው ደጅ መጥናት አለ። በሠርግ ተጫውቶ ለሚያድር ልጅ አንድ ፔዳል ማለት የብዙ ሌሊት ድካም ነው። ላፕቶፑ ግን ለሌላም ሥራ ስለሚያስፈልግ ቀድሞ ቤት ውስጥ አለ። ሶፍትዌሩን ስንይዝ አማርጠን አይደለም።

ጀሪካኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ትንሽ ታገሱኝ፤ የፉጨቱ ምስጢር ያለው እዚህ ነው።

የዳይና ኮምፕ ልብ ሲኤ3080 የሚባል ቺፕ ነው። የሠራው አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ የድሮዎቹ ሳጥኖች የሚፈለጉበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ቺፑ ድምፁን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው በአንድ እግሩ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ብዙ ሲገባለት ብዙ ያጎላል፣ ሲቀንስበት ይቀንሳል። ይሄን መጠን የሚያዘው ደግሞ አንድ ካፓሲተር ነው።

ጎንደር ውስጥ ውሃ ጠብቆ፣ በቀጭኑ ከሚወርድ ቧንቧ ሥር ጀሪካን ያስቀመጠ ሰው ይሄን ወዲያው ይረዳል። ካፓሲተሩ ጀሪካኑ ነው። በቀጭን ቧንቧ፣ ማለትም በአንድ ሬዚስተር በኩል፣ ሁልጊዜ ቀስ እያለ ይሞላል። በሞላ ቁጥር ቺፑ ድምፁን ያጎላል። ከቺፑ የወጣው ድምፅ ከልክ ሲያልፍ ግን ሁለት ትራንዚስተሮች ይነቁና ጀሪካኑን አጋድመው ያፈሱታል። ማፍሰስ ፈጣን ነው። መሙላት ዘገምተኛ ነው። የኮምፕሬሰሩ ጠባይ በሙሉ ከዚህ ይወጣል።

ምን ያህል ዘገምተኛ? ሬዚስተሩ 150 ኪሎ ኦም ነው፣ ካፓሲተሩ 10 ማይክሮፋራድ። ሁለቱ ሲባዙ 1.5 ሰከንድ ይመጣል። ይህ ማለት ባዶ የሆነ ጀሪካን በ1.5 ሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሞላል። ለሙዚቃ ይሄ ረጅም ጊዜ ነው። ፈጠን ባለ ዘፈን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት አራት ምት ያልፋል።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን አሁን ተመልከቱት። ጓደኛዬ በኃይል ሲገርፍ ጀሪካኑ ፈሰሰ። ወዲያው ለስለስ ያለውን ዜማ ሲያመጣ ጀሪካኑ ገና ባዶ ነው፤ ስለዚህ ለስላሳው ተቀብሮ ቀረ። እጁን ሲያሳርፍ ጀሪካኑ ያለ ከልካይ እስከ አፉ ሞላ። ኮምፕሬሰሩ የመጨረሻ አቅሙን አውጥቶ የሚያጎላው ነገር ፈለገ። ያገኘው የክራሩ ፒክአፕ (የመሣሪያውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ከሞንታርቦው የሚለቅመውን የድንኳን ጫጫታ ነው። አጎላው፣ ሞንታርቦው መልሶ አወጣው፣ ፒክአፑ መልሶ ለቀመው። ፉጨት ሆነ። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስንሞክር ክራሩ መልሶ የሚሰማው ስፒከር ስላልነበረ ምንም አላየንም።

ይሄን ስረዳ ደነገጥኩ። ቅጂውን ስንረግም ነበር የከረምነው። ቅጂው ግን አልዋሸንም። የድሮው ሳጥን የሚያደርገውን ነው ያደረገው። እውነተኛውን ቀይ ሳጥን ይዘን ብንሄድም ያው ፉጨት ይጠብቀን ነበር።

ሁለት ዓይነት ቅጂ

የሶፍትዌር ቅጂዎች ሥዕላቸው ይመሳሰላል። ሁሉም ቀይ ሳጥን ያሳያሉ፣ ሁሉም ማዞሪያው ላይ ጥላ ያጠላሉ። ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው።

አንደኛው ዓይነት ሰርኪዩቱን ያሰላል። ሬዚስተሩን፣ ካፓሲተሩን፣ ቺፑን በሒሳብ ይጽፋል። ከዚያ በሰከንድ 48,000 ጊዜ «አሁን በዚህ በኩል ስንት ያልፋል?» ብሎ ይፈታል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱን ጀርመናዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ፌትቫይስ በ1970ዎቹ ነበር የነደፈው። ያኔ ለጊታር ተብሎ አልነበረም። በዚህ ዓይነት ቅጂ ውስጥ ጀሪካኑ ምንድነው? አንዲት ቁጥር ናት። በእያንዳንዱ ስሌት ትንሽ ከፍ ትላለች ወይም ዝቅ ትላለች፤ ለሚቀጥለው ስሌት ትተላለፋለች። 1.5 ሰከንድ ይሁን 10 ሰከንድ ለኮምፒውተሩ ልዩነት የለውም። ቁጥሯን ይዞ መቆየት ብቻ ነው። እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ይሄ ነው። ሰው በብዙ መቶ ዶላር የሚፈልገው የዚያ ሳጥን ማስታወሻ አንዲት ቁጥር ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ዓይነት ሰርኪዩቱን ጭራሽ አያውቅም። በጆሮ ይማራል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ የሙከራ ድምፅ በእውነተኛው ሳጥን ውስጥ ያልፋል፣ የወጣው ይቀዳል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ የገባውንና የወጣውን እያነጻጸረ ግንኙነቱን ይማራል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው ይሄ ነው። ስቲቨን አትኪንሰን የሠራው ኒውራል አምፕ ሞዴለር በጣም የታወቀ ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ለአምፕ (ለጊታር ድምፅ ማጉያ) እና ለዲስቶርሽን የሚሰጠው ውጤት ያስገርማል፤ እኔም ለአምፕ ሌላ አልጠቀምም።

ለኮምፕሬሰር ግን አንድ ችግር አለ። የተለመደው ቅርጹ እያንዳንዷን ቅጽበት ሲወስን ወደኋላ የሚያየው 4,000 ያህል ናሙና (በሰከንድ 48,000 ጊዜ ከሚለካው ድምፅ አንዱ ልኬት) ነው። በ48,000 ሲካፈል ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች ነው። ለአምፕ ይበቃል፤ አምፕ ቶሎ ይረሳል። ጀሪካኑ ግን የሚሞላው በሰከንድና ከዚያ በላይ ነው። የክርክሩን የመጨረሻ ቃል ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ አስቡ። አንዳንዴ በግምት ይመታዋል። ብዙ ጊዜ ግን ከባድ ግርፍ የቀደመው ለስላሳ ድምፅና ከዝምታ በኋላ የመጣው ለስላሳ ድምፅ ለእሱ አንድ ናቸው። ለእውነተኛው ሳጥን አንድ አይደሉም።

ይህ የሰዎቹ ስንፍና አይደለም፣ የመሣሪያው ቅርጽ ነው። ራቅ አድርገው የሚያዩ ወይም ማስታወሻ ተሸክመው የሚሄዱ ኔትወርኮች፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማሩ ፕሮግራሞች፣ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኤልኤ-2ኤ የሚባለውን ዝነኛ የስቱዲዮ ኮምፕሬሰር በዚህ መንገድ ለማስተማር የሞከሩ ጥናቶች ታትመዋል። መንገዱ ተስፋ አለው። ነገር ግን ዛሬ በነጻ የሚወርድ «የዳይና ኮምፕ ቅጂ» ስታገኙ፣ በሁለተኛው መንገድ የተሠራ ከሆነ በአብዛኛው የአንድ ማዞሪያ አቋም ፎቶ ነው። ማዞሪያው ቢንቀሳቀስም ሳጥኑ አይንቀሳቀስም። ይሄ ለአንዳንድ ሥራ ይበቃል። ኮምፕሬሰር ተብሎ ሲሰጥ ግን ማወቅ ጥሩ ነው።

በእጅ መለየት ይቻላል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መጨመቂያውን ወደ ላይ አድርጉና ክሩን በኃይል ምቱ፣ ወዲያው አፍኑት፣ ሳትዘገዩ ሌላ ክር በቀስታ ንኩ። ለስላሳው ድምፅ አንሶ ጀምሮ እያበጠ ከመጣ ጀሪካኑ አለ። ወዲያው ሙሉ ሆኖ ከመጣ የለም። ሁለተኛው ሙከራ ዝምታ ነው። ምቱና ተዉት፣ የሽሽሽታውን ድምፅ ስሙ። በድሮው ሳጥን ሽሽሽታው ከዝምታው ጋር ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ስትመቱ ወዲያው ይወድቃል። ሽሽሽታው የማይነሳና የማይወድቅ ከሆነ፣ ለጌጥ ከላይ የተነሰነሰ ነው። እኔ አሁን ማንኛውንም ፕለጊን (እንዲህ ያለ የሶፍትዌር ዕቃ) ሥዕሉን ሳላይ በነዚህ ሁለት እፈትሻለሁ።

ቮልት የማያውቅ ሳጥን

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር የመግቢያው መጠን ነው። እውነተኛው ፔዳል የሚያየው ቮልት ነው። ጊታሩ ሲሰካ ጀሪካኑ የሚጋደምበት ልክ የታወቀ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ቮልት አያውቅም። ከሳውንድ ካርዱ የሚሰጠውን ቁጥር ነው የሚያየው። የካርዱን መግቢያ ማዞሪያ ትንሽ ሲነኩት ያው ቅጂ ሌላ ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ ከሰው የተቀበላችሁት ዝግጁ ቅንብር፣ የሰጪውን ጊታርና የካርዱን አቋም ካልነገራችሁ፣ ብዙም አይጠቅምም።

ክራር ላይ ይሄ ይብሳል። ጓደኛዬ የሚጠቀመው ቆዳው ላይ የሚለጠፍ ፒዬዞ ፒክአፕ ነው። ከጊታር ፒክአፕ ጋር ጠባዩ አይገናኝም፤ ሲመታ ድንገት ከፍ ያለ ጫፍ ያወጣል። የሚሰካበት ቀዳዳም ወሳኝ ነው። ካርዱ ላይ ለጊታር ተብሎ የተሠራው፣ አንድ ሜጋ ኦም ገደማ የሚሆነው መግቢያ ላይ ካልገባ ዝቅተኛው ድምፅ ይጠፋና ክራሩ ቆርቆሮ ይሆናል። እኛ በመጀመሪያው ወር ሁሉ በተሳሳተው ቀዳዳ ነበር የምንሰካው። ያኔ «ኮምፕሬሰሩ ነው ያቀጠነው» እያልን እንከራከር ነበር።

ስለ መዘግየት አጭር ነገር ልበል። በ48,000 ናሙና ፍጥነት፣ ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ የሚቀበለውን 128 ናሙና ብታደርጉት ለመግቢያ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ለመውጫም እንዲሁ። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ስለሚሄድ፣ ከስፒከሩ ሁለት ሜትር ገደማ ርቆ እንደ መቆም ነው። ይቻላል። በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ግን አትሞክሩት።

ኢንተርኔት የሚጠይቅ ፔዳል

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ በየጥቂት ሳምንቱ በኢንተርኔት ፈቃዱን ካላደሰ የማይከፈት ሶፍትዌር የያዘ ሙዚቀኛ፣ የራሱ ዕቃ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። የድሮው ሳጥን በዘጠኝ ቮልት ባትሪ ይሠራል። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ አይሰጠውም። ቅጂው ከኦሪጅናሉ የሚያንስበት ትልቁ ቦታ ይሄ ይመስለኛል፤ የድምፁ ቀለም ሁለተኛ ነው።

ክፍያውም ሌላ ችግር ነው። በውጭ ምንዛሪ በኢንተርኔት መክፈል ለብዙዎቻችን ዝግ በር ነው። ስለዚህ ክራክ የተደረገ ፕለጊን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከቫይረሱ ጋር ይዞራል። የአንድ ልጅ የሁለት ዓመት ቀረጻ በዚህ መንገድ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ አልቅሷል። የምለምነው ነጻ የሆኑትን ቀድማችሁ እንድትሞክሩ ነው። ለዊንዶውስ ሪያፕለግስ የሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለው ሪያኮምፕ ነጻ ነው። ሊኑክስ ላይ ጊታሪክስ አለ። አይፎን ወይም ማክ ያለው ጋራዥባንድ አለው። አንዴ ካወረዳችኋቸው ፈቃድ አድሱ ብለው አይጨቀጭቋችሁም። ሪያኮምፕ የቀይ ሳጥን ሥዕል የለውም። ነገር ግን ሪሊዙን በራሳችሁ መወሰን ትችላላችሁ፤ ማለትም የቧንቧውን ውፍረት።

ክራሩ የጠየቀው

ከሠርጉ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ጥቂት ሌሊት ተቀምጠን ክራሩ ምን እንደሚፈልግ ፈለግን። የጊታር ኮምፕሬሰር የተነደፈው ለጊታር ነው። ጊታሪስት የማይፈልገውን ክር ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይመታውም። ክራር በግርፍ ሲጫወቱት ግን መምቻው ሁሉንም ክር ያልፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ናቸው የማይፈለጉትን የሚያፍኑት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ግርፍ ውስጥ የታፈኑ ክሮች ድብድብታ አለ። ያ ድብድብታ የክራር ምት ነው፤ ከበሮ በሌለበት ከበሮ ነው። ቀዩ ሳጥን ሲጨምቀው ድብድብታውና ዜማው እኩል ሆኑ። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት መጣ። አድካሚ ነበር።

ሪያኮምፕ ላይ አታኩን ወደ 25 ሚሊ ሰከንድ አዘገየነው፤ የመምቻው ጫፍ ሳይነካ እንዲያልፍ። ሪሊዙን ወደ 120 ሚሊ ሰከንድ አሳጠርነው፤ ለስላሳው ዜማ ባዶ ጀሪካን እንዳይጠብቀው። ጭማሪውን ከስድስት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንዳያልፍ ያዝነው። ይሄ ሦስተኛው ነው ፉጨቱን ያጠፋው። ቁጥሮቹ ለእሱ ክራርና ለእሱ እጅ ናቸው። ለሌላ ሰው መነሻ ይሆናሉ እንጂ ሕግ አይደሉም።

ማሲንቆም ሞከርን። እዚያ ያገኘሁት ነገር ከሁሉም በላይ አሳሰበኝ። ማሲንቆ በጭራ ስለሚመታ ድምፁ ራሱ ረጅም ነው፤ የሚያረዝምለት አያስፈልገውም። ጎንደር ውስጥ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ያውቃል። ግጥሙ ሲመጣ፣ ወርቁ ሊወጣ ሲል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ ያደርጋል። ቃሉ እንዲሰማ ቦታ ይለቃል። ግጥሙ ሲያልቅ መልሶ ያነሳዋል። ኮምፕሬሰር ይሄን አያውቅም። ዝቅ ያለውን ሁሉ ያነሳል። አዝማሪው በእጁ ያወረደውን ማሲንቆ ሳጥኑ መልሶ በቃሉ ላይ ይጭንበታል። አሁን አሁን በስቱዲዮ የሚወጡ አንዳንድ የማሲንቆ ቀረጻዎች ላይ ግጥሙን ለመስማት የምንቸገረው አንዱ በዚህ ይመስለኛል። አቀናባሪ ጓደኞቼን የምለምነው ማሲንቆ ላይ ኮምፕሬሰር ከማድረጋቸው በፊት አዝማሪው የት ዝቅ እንዳለ አንድ ጊዜ እንዲሰሙት ነው።

ሰርኪዩቱን በሒሳብ መጻፍ ከቻልን ደግሞ ለሮቸስተር ሳጥን ብቻ መገዛት የለብንም። አንዲት ቁጥር፣ አንድ ቀጭን ቧንቧ፣ አንድ ማፍሰሻ። ፕሮግራሚንግ የሚማር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሴሚስተር ፕሮጀክት ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። የታፈነውን ክር ድብድብታ ለይቶ የሚተው፣ ከስፒከሩ የሚመጣውን የሚያውቅ፣ በዝምታ ጊዜ ጀሪካኑን ግማሽ ላይ የሚያቆም ለክራር የተሠራ ኮምፕሬሰር። እንዲህ ያለውን ብጠብቅም ከውጭ ይመጣል ብዬ አይደለም። የክራርን ግርፍ የሚያውቅ ሰው ነው ሊሠራው የሚችለው።

ቀዩ ሳጥን ግን ከላፕቶፑ አልተሰረዘም። ጓደኛዬ ጥቅም አገኘለት። ቤት ሲቀዳ፣ ትዝታ ቅኝት ላይ፣ መጨረሻው ሲደርስ ጠንክሮ ይገርፍና አንዲት ክር ብቻ ሳያፍን ይተዋል። ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ክሯ በጣም ዝቅ ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ክሯ እየሞተች ስትሄድ ጀሪካኑ እየሞላ ይመጣል። ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ድምፁ ለሁለት ሰከንድ ያህል አይወርድም፣ አይወጣም፤ ቆሞ ይጠብቃል። የተማረውን ዓይነት ቅጂ ላይ ያንኑ ሞከረው፣ ክሯ ዝም ብላ ወረደች። ሠርግ ላይ አይጠቀምበትም፤ ሞንታርቦው ይፏጫል። ለቀረጻ ብቻ ነው፣ ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ።